ያለቅሳል፣ ደግመሽ እጠቢው

በየሥራ ቤቱ አንድ «ደግመህ ሥራው» የሚል ሰው አይጠፋም። ልብስ ስፌት ቤት ከሆነ፣ የተሰፋውን ኪስ በምላጭ የሚተረትረው እሱ ነው። ጋራዥ ከሆነ፣ የጠበቀውን ብሎን ፈትቶ እንደገና የሚያጠብቀው። መዘምራን መሀል ከሆነ፣ አርባ ጊዜ የተለማመዱትን መዝሙር «ከአንገት በላይ ነው» ብሎ ከአንደኛው ስንኝ የሚያስጀምረው። ፈጣሪ ዓለሙን በስድስት ቀን ጨርሶ ሲያርፍ እንዲህ ያለ ሰው በአጠገቡ አልነበረም ማለት ነው። ኖሮ ቢሆን ሰባተኛው ቀን የዕረፍት ሳይሆን የድጋሚ ቀን በሆነ።

ጅማ ውስጥ የዚህ ወገን አውራ ጋሽ ሸኩር ናቸው። ማዕረጋቸው በወረቀት ላይ የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ቴክኒሺያን ይላል። ተማሪው ግን ወረቀት አያይም፤ ሲርቁ «ሊቀ ማጠቢያ» ይላቸዋል፣ ሲቀርቡ «ጋሼ»። ሃያ ስምንት ዓመት ከአንድ ማጠቢያ ገንዳ ፊት ቆመዋል። ነጭ ጋዋናቸው ከመታጠብ ብዛት ሳስቶ የሸሚዛቸው መስመር ይቆጠርበታል። መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ ነው የሚውለው፤ አንድን ነገር በእርግጥ ማየት ሲፈልጉ ብቻ ወደ ዓይናቸው ይወርዳል።

በእርግጥ ማየት የሚፈልጉት ደግሞ አንድ ነገር ነው። ተማሪ ያጠበውን ብልቃጥ ይቀበሉና መስኮቱ ጋ ወስደው ወደ ብርሃን ያነሱታል። ውሃው በመስታወቱ ግድግዳ ላይ እንደ አንድ ስስ ነጠላ ሳይቆራረጥ ከወረደ፣ ጠርቷል። እዚህም እዚያም እየተንጠባጠበ ከቀረ ግን ዓይን የማያየው ቅባት አለበት ማለት ነው። ያኔ መነጽሩ ወደ ግንባር ይመለሳል፣ ፍርዱም ይሰማል።

«ያለቅሳል። ደግመሽ እጠቢው።»

ሲና የማስተርስ ትምህርቷን የጀመረች ሰሞን ይህን ቃል በቀን ስድስት ጊዜ ሰምታለች። መንደራ ቆጪ ሰፈር ያደገች፣ እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያኗ መዘምራን መሀል የምትቆም ልጅ ናትና መደጋገም አዲሷ አይደለም። ቢሆንም አንድ ቀን ማታ እናቷ የእራት ብርጭቆ ሲያቀብሏት ሳታስበው ወደ አምፖሉ አንስታ አየችው። «ምን ሆነሻል አንቺ?» አሉ እናቷ። «ያለቅሳል» አለች ሲና።

ሕጉ ግልጽ ነው፤ ሦስት ጊዜ በቧንቧ ውሃ፣ ሦስት ጊዜ በተጣራ ውሃ። ዋቅጅራ የሚባለው የሲና የክፍል ጓደኛ፣ አፉ የማያርፍለት፣ አንድ ጊዜ ጠይቋቸው ነበር።

«ጋሼ፣ ይሄ ሦስት ሦስቱ ነገር የኬሚስትሪ ነው የሶላት ዉዱእ?»

«ሁለቱም ንጽሕና ነው የሚባሉት» አሉ ጋሽ ሸኩር፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ። «አንተን በየትኛውም አላየንህም።»

ከማጠብ ቀጥሎ የሚኮሩበት የስም ወረቀታቸው ነው። ጠርሙስ ላይ በእስክሪብቶ የጻፈ ተማሪ ወዮለት። ነጭ ፕላስተር ይለጠፋል፣ በእርሳስ ይጻፋል፣ በላዩ ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስተር ይደረባል። «ቀለም ይከዳል፣ እርሳስ አይከዳም» ይላሉ። እውነትም እሳቸው የለጠፉት ስም ውሃ ቢፈስበት፣ ኦቨን ቢገባ፣ አሲድ ቢረጭበት አይለቅም። ጠርሙሱ ተሰብሮ ስሙ ስባሪው ላይ ተገኝቷል፤ ዋቅጅራ «የኛም ነፍስ እንዲህ ተጽፋ በነበር» ያለው በዚያ ጊዜ ነው።

በሩ ላይ በራሳቸው እጅ የተጻፈ ማስታወቂያ አለ። «እዚህ ቤት አይበላም፣ አይጠጣም፣ አይታኘክም።» ሦስተኛው ቃል ለማስቲካ ነው ይላሉ፤ የጅማ ሰው ግን ሌላም ይገባዋል። ሕጉን የጣሰ ስሙ መሳቢያ ውስጥ ባለው የጥፋተኞች ደብተር ላይ ይሰፍራል፣ ቅጣቱም አንድ መደርደሪያ ሙሉ ዕቃ ማጠብ ነው። ደብተሩ ትልቅ ትንሽ አይልም። «ዋቅጅራ፦ ግማሽ ሳምቡሳ።» «የክፍሉ ኃላፊ፦ ከረሜላ፣ በጉንጭ ተደብቆ የተገኘ።» «ዶክተር ናኦድ፦ ማስቲካ።» ዶክተር ናኦድ የሲና አማካሪ ናቸው። በተማሪነታቸው ዘመን ጋሽ ሸኩር ብልቃጥ ያስደገሟቸው፣ ዶክተር ሆነው ሲመለሱም አንድ መደርደሪያ ያጠቡ ሰው።

እንግዲህ የሲና ጥናት ስለ ቡና ነው። ከጅማ ዙሪያ አሥራ ሁለት ማሳዎች የለቀመችውን ቡና ቆልታ፣ ፈጭታ፣ በውስጡ ያለውን ካፊን፣ ማለትም እንቅልፍ የሚነሳውን ንጥረ ነገር፣ ትለካለች። የእያንዳንዱ ማሳ ጥሬ ቡና በከረጢት፣ ዱቄቱ ደግሞ በጠርሙስ ይቀመጣል፤ በጠርሙሱ ላይ የወረዳው ስም ይለጠፋል። ሊሙ፣ ማና፣ ጌራ፣ ጎማ። ዋቅጅራ «ጎማ 7» የሚለውን ጠርሙስ አንስቶ «ይሄ የባጃጅ ነው የአይሱዙ?» እያለ ሲያደርቃት ከርሟል። እሱ ራሱ ከየሻይ ቤቱ የቡና አተላ እየለመነ፣ በአተላው ቀለም የገባበትን ውሃ ለማጣራት የሚሞክር ሰው ነው። አተላውን በኦቨን የሚያደርቁለትም ጋሽ ሸኩር ናቸው፤ በዚያ ቤት የሚጣል ነገር የለም።

ሁለት ዓመት ለፍታ የአሥራ አንዱ ማሳ ውጤት አንድ ዓይነት ሆነባት። አንድ ነጥብ ሁለት በመቶ፣ አንድ ነጥብ አንድ፣ እንደገና አንድ ነጥብ ሁለት። እንደ ክረምት ዝናብ፣ ዛሬም ያው፣ ነገም ያው። የምትሠራው ትክክል ነበር፤ ግን ማን ያነበዋል? የተጠናቀቀ፣ የተጠረዘ፣ ማንም የማይገልጠው ጥራዝ ሆኖ መደርደሪያ ላይ ሲቀር ይታያት ነበር።

ለአክስቷ ልጅ ሠርግ በደሌ ሄዳ በተመለሰች ማግሥት አሥራ ሁለተኛውን ለካች። ጋሽ ሸኩር በዚያ ሳምንት አልነበሩም፤ ሊሙ ለቅሶ ሄደዋል። «ጎማ 7» የሚለውን ጠርሙስ ከመደርደሪያው አነሳች፣ መዘነች፣ አጣራች፣ የካፊን መለኪያው ማሽን ውስጥ ከተተች።

ዜሮ ነጥብ ሦስት።

ደገመች። ዜሮ ነጥብ ሦስት። ሦስተኛም። እንቅልፍ የማይነሳ ቡና፣ ማንም ያልነካካው፣ ከዛፉ እንዲሁ የበቀለ፣ አጋሮ አጠገብ ባለ አንድ ሽማግሌ ጓሮ ውስጥ ቆሞ ሲጠብቃት ኖሯል። ጠርሙሱን ስታሸት መዓዛው ደከም ያለ መሰላት፤ እሱንም ከልዩነቱ ቆጠረችው። ደስታ አፍንጫ ይደፍናል።

ዶክተር ናኦድ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፍተው ቆሙ። «አጭር ጽሑፍ አዘጋጂ። የአዲስ አበባው ጉባኤ የሚቀበለው እስከ መጪው ሳምንት ዓርብ ነው። ይሄ ካለፈልሽ የፒኤችዲው በር ተከፈተ በይ።»

በሦስተኛው ቀን ጋሽ ሸኩር ከለቅሶ ተመለሱ። ሲና ሮጣ ነገረቻቸው። እሳቸው ግን እንኳን ደስ አለሽ አላሉም። መነጽራቸውን አውርደው ጠርሙሱን አነሱ። ወደ መስኮቱ ወሰዱት። ስሙን አነበቡ፣ ከፈቱ፣ አሸተቱ፣ ከደኑ። ቀስ ብለው ቦታው መለሱት።

«ደግመሽ ሥሪው» አሉ።

«ሦስት ጊዜ ሠርቼዋለሁ ጋሼ።»

«ከጠርሙሱ አይደለም። ከከረጢቱ ጀምሪ። ቁዪ፣ ፍጪ፣ ከዚያ ለኪ።»

የሚቀልዱ መሰላት። ካፊኑን ከዱቄቱ የምታወጣበት የማጣሪያ ፈሳሽ የቀረው ለአንድ ዙር ነው፤ አዲስ ቢታዘዝ መንፈቅ ይፈጃል። ያችን የመጨረሻዋን ግማሽ ሊትር ፈታኞቹ የሆነ ነገር ቢጠይቋት ብላ ነው እንደ ጠበል የምትጠብቃት። አልሰማሁም ብላ ወጣች።

በማግሥቱም «ደግመሽ ሥሪው»። ከዚያም በማግሥቱ። ሰኞ ጠዋት በሩን ስትከፍት ገና ሰላም ሳይሏት «ከከረጢቱ» አሏት። ሲና የታፈነው ወጣ።

«አሥራ አንዱን ድገሚ ብለውኝ አያውቁም። ጥሩ ነገር ሲመጣልኝ ብቻ ነው የሚያለቅሰው?»

ጋሽ ሸኩር ወደ ገንዳቸው ዞሩና ቧንቧውን ከፈቱ። ሲያጥቡ ማንጎራጎር ልማዳቸው ነው፤ ያለ ቃል፣ በአፍንጫ። የዚያን ቀን ግን ቃል ነበረው። የማን ግጥም እንደሆነ አታውቅም፤ ከውሃው ጋር ቀስ እያለ የሚወርድ የራሳቸው ሳይሆን አይቀርም።

ብርጭቆውስ ጠራ፣ በሦስት ውሃ ታጥቦ፣
ልቤን በምን ላጥራው፣ ነገር ተደራርቦ።

ለዶክተር ናኦድ ስትነግራቸው ሳቁ። «ጋሽ ሸኩር እኮ ፀሐይን ብታሳዪአቸው ‹መጀመሪያ ትወልወል› ነው የሚሉሽ። ተያቸው። ይልቅ ለገበሬው ደውዪና የዛፉን ዕድሜ ጠይቂ፤ ጽሑፉ ላይ ይገባል።»

ረቡዕ ደወለች። ገበሬው ኦቦ ሀቢቡላህ ይባላሉ፤ ድምፃቸው ከስልኩ ቀድሞ የሚደርስ ሰው ናቸው።

«አካም፣ ፈያ ነሽ ልጄ? ቡናዬስ ፈያ ነው?»

«ደህና ነው ኦቦ። እንዲያውም ደስ የሚል ነገር አገኘንበት። የእርስዎ ቡና እንቅልፍ አይነሳም።»

ከስልኩ ሳቅ መጣ፣ ረዘመ፣ በሳል ተቋረጠ።

«ማነው ያለሽ?»

«ማሽኑ።»

«ማሽኑ ተኝቶ ነበር እንዴ? እኔ እኮ እናንተ ጋ ጠጥቼ የተመለስኩ ዕለት እስከ ሱብሂ ሶላት ዓይኔን አልከደንኩም።»

«እኛ ጋ? የት?»

«እዚያው፣ ጠርሙስ ቤታችሁ። የዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜ። ለዓይኔ ሐኪም ጋ መጥቼ፣ ቡናዬንም ልጠይቀው ብዬ ገባሁ። አንቺ ሠርግ ሄደሻል አሉኝ። ነጭ የለበሰው ሰውዬ ነበር፣ አላህ ይስጠው። ሻይ ቤታችሁ ዝግ ነው፣ ዝናቡ ደግሞ አላስወጣም አለ። ‹ስለ ቡና የመጣ እንግዳ ቡና ሳይቀምስ ከዚህ አይወጣም› አለና አፈላልኝ። በጀበና እንዳይመስልሽ። ቁጥር በተጻፈበት ብርጭቆ፣ እስከ መቶ ድረስ ሞላልኝ። ሁለተኛም ደገመኝ።»

ሲና ስልኩን ወደ ሌላኛው ጆሮዋ አዛወረች። «የማንን ቡና ነው ያፈላልዎት?»

«የኔን ነዋ። ጎማ የሚለውን ጠርሙስ አሳይቶኝ ‹ይሄ ያንተው ነው› አለኝ። ሰው ቤት ሄጄ የራሴን ጠጥቼ መጣሁ፣ ወላሂ።»

ስልኩን ዘግታ ጠርሙሱን ፊቷ አስቀመጠች። የቀረውን ለማወቅ ኬሚስትሪ አላስፈለጋትም፤ ጋሽ ሸኩርን ማወቅ ብቻ በቂ ነበር። እንግዳውን ሸኝተዋል። አተላውን አልጣሉትም፤ ለዋቅጅራ ብለው ኦቨን ውስጥ አድርቀዋል። ባዶውን ጠርሙስ ሦስት በቧንቧ፣ ሦስት በተጣራ ውሃ አጥበው፣ በእጃቸው የቀረበው ንጹሕ ዕቃ እሱ ነውና የደረቀውን አተላ እዚያው ገልብጠዋል፤ ሰኞ ለዋቅጅራ ሊሰጡ። ሰኞ ሳይደርስ ሊሙ ሰው ሞተ። ጠርሙሱ ላይ ያለው ስም ደግሞ የእሳቸው የእጅ ሥራ ነው፤ በስድስት ውሃ አይለቅም።

እሷም አንድ ጊዜ የተፈላ፣ ካፊኑን ኦቦ ሀቢቡላህ ይዘውት አጋሮ የገቡበትን አተላ ሦስት ጊዜ በትክክል ለክታለች።

ተናደደች። ከዚያ በሩ ላይ ያለውን ማስታወቂያ አየች። አይበላም፣ አይጠጣም። ሰውዬው ለምን «ከከረጢቱ» ብቻ እያሉ እንደሰነበቱ ያኔ ገባት። ሃያ ስምንት ዓመት ከከረሜላ ሲከላከሉት የኖሩት ቤት ውስጥ፣ ምድጃው ላይ ቡና አፍልተው ጠጥተዋል። ይህን ከሚናገሩ አንዲት ልጅ የመጨረሻ ግማሽ ሊትሯን ብታፈስ ቀለላቸው። ደግሞም ዝም ብለው ሊያሳልፉት አልቻሉም።

ሐሙስ ጠዋት ከረጢቱን ፈታች። ለማንም አልተናገረችም። ቆልታ ስትመለስ ጠረጴዛዋ ላይ ዕቃው በሙሉ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በረድፍ ተቀምጦ አገኘችው። ጋሽ ሸኩር ቀኑን ሙሉ ከአጠገቧ አልራቁም፤ አንድም ጊዜ «ያለቅሳል» አላሉም። መብራት ሁለቴ ሄዶ ሁለቴ መጣ። የመጨረሻዋ ግማሽ ሊትር አለቀች። ወደ ማታ ማሽኑ ቁጥሩን ጻፈ።

አንድ ነጥብ ሁለት። እንደ አሥራ አንዱ ወንድሞቹ።

ሁለቱም አዩት። «በይ ግቢ፣ መሸብሽ» አሉ ጋሽ ሸኩር። ሲና መንገዱን ሙሉ ባጃጅ ውስጥ ሆና አዲስ አበባን፣ ጉባኤውን፣ የተከፈተውን በር አንድ በአንድ እየዘጋች ሄደች።

ዓርብ የጥናት ክፍሉ ስብሰባ ነው። ዶክተር ናኦድ አዲሱን ቁጥር አይተው ግንባራቸውን አሹ። «የመጀመሪያውስ? ሦስት ጊዜ ተለክቶ ሦስቴ አንድ ዓይነት የመጣው?»

«የጠርሙስ ስህተት ነው ዶክተር» አለች ሲና። «እኔ ነኝ ያላስተዋልኩት።»

«ጠርሙሱ አልተሳሳተም» አለ አንድ ድምፅ።

ጋሽ ሸኩር ስብሰባ ገብተው አያውቁም። በሩ ላይ ቆመዋል፣ ጋዋናቸውን እስከ አንገት ቆልፈው፣ የጥፋተኞችን ደብተር በብብታቸው ይዘው። ነገሩን ከእንግዳው እስከ አተላው በአራት ዓረፍተ ነገር ጨረሱት። «ልጅቷ ጥፋት የለባትም። በስሙ ተማምና ነው ያነሳችው። ስሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከለቅሶ እንደተመለስኩ መናገር ነበረብኝ፤ አፌን ያዘኝ።»

ዋቅጅራ በቀስታ «የኔ አተላ ነበር ለካ» አለ።

ዶክተር ናኦድ ሳቃቸውን በሳል አሳለፉት። «እንግዳ እኮ ነው ጋሼ። ቡና አምራች ሰው ጅማ መጥቶ በባዶ አፉ ይሂድ? ይተዉት በቃ።»

«አይተውም» አሉ ጋሽ ሸኩር። «ማስቲካ ስላኘከ አንድ መደርደሪያ ያጠበ ሰው እዚህ ተቀምጧል።» ዶክተሩ አንገታቸውን ደፉ። ደብተሩ ተከፈተ፣ እርሳስ ወጣ። ከከረሜላውና ከሳምቡሳው በታች፣ በዚያ በማይለቅ ፊደል እንዲህ ተጻፈ። «ሸኩር፦ ቡና፣ ሁለት ብርጭቆ፣ ከእንግዳ ጋር። ቅጣት፦ ቁም ሳጥኑ በሙሉ።»

ከሰዓት በኋላ ሲና ወደ ቤተ ሙከራው ተመለሰች። የጉባኤው ቀን እያለቀ ነበር፤ የምትልከው ነገር አልነበራትም። አሥራ ሁለት ማሳ፣ አሥራ ሁለት ተመሳሳይ ቁጥር፣ ሁሉም እውነት። ጋሽ ሸኩር እጅጌያቸውን ሰብስበው ገንዳው ላይ አጎንብሰዋል። በስተግራቸው ሁለት መቶ የሚሆን ያልታጠበ ዕቃ፣ በስተቀኛቸው አርባ የታጠበ። ዝናቡ መስኮቱ ላይ ጀምሯል። አያንጎራጉሩም።

አጠገባቸው ቆመች። ከቀኙ አንድ ብልቃጥ አነሳች፣ መስኮቱ ጋ ሄዳ ወደ ብርሃን አነሳችው። ውሃው በመስታወቱ ላይ እንደ አንድ ስስ ነጠላ ሳይቆራረጥ ወረደ፣ አንዲት ጠብታ አልቀረችበትም።

«ያለቅሳል ጋሼ» አለች። «ደግመው ይጠቡት።»

ጋሽ ሸኩር እጃቸውን በጋዋናቸው ጠረጉ። ብልቃጡን ተቀበሉ። መነጽራቸውን አወረዱ፣ ወደ መስኮቱ ዞሩ፣ አንስተው ረጅም ጊዜ አዩት። በሃያ ስምንት ዓመት ያንን ዓይን ያታለለ ብልቃጥ የለም።

«እውነትሽን ነው፣ ኢንተላ ኮ» አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ቧንቧውን ከፈቱ።